የሮማኑን ቅርንጫፍ የያዙት ጣቶች

ልደትዬ፣

ወንድሜ ሀሚድ ከሰፈራችን ከሐኪም ጋራ ደውሎ እናታችን ወደ አኼራ መሄዷን ነገረኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ስለምትቀበር ከቤት ሳያወጧት ልድረስባት ብዬ እየሮጥኩ ነው።

ውሃ ከመጣ ጀሪካኑን ሙዪልኝ፤ ተራው የኔ ነበር።

ቤተሰቦቼ ግቢ ውስጥ ያነሳኋትን የሮማን አበባ ታስታውሻለሽ? ደብዝዛብኝ ነበር። አንቺ ስታጠሪያት ከዳር ያሉትን ጣቶች «ፎቶውን ያበላሹታል» ብለሽ ቆረጥሻቸው።

ያኔ አልነገርኩሽም።

የእናቴ ጣቶች ነበሩ። ነፋሱ አበባዋን አላስነሳ ሲለኝ ቅርንጫፉን የያዘችልኝ እሷ ናት። ፎቶ ሐራም ነው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ቀን ተነስታ አታውቅም። ሌላ የለኝም፣ ልደት።

ያልተቆረጠው ከስልኬ ላይ ጠፍቷል። ምናልባት ኮምፒውተርሽ ላይ፣ የሰረዝሽው በሚጠራቀምበት ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይኖራል። በምታምኚው ይዤሻለሁ፣ ቢኑን ሳታጸጂ አውጪልኝ።

ካገኘሽው ጣቶቿን አጥሪልኝ። ግን ቀስ በይ፤ የቆዳዋን ሽብሽብ እንዳታለሰልሺው፣ የጥፍሯም ሂና እንዳይጠፋ።

አበባዋ እንደደበዘዘች ትቅር።

ሳዳ