ከከበሮው ሥር የሚሰማው

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? መልካ ጀብዱ ሙቀቱ በረታባችሁ ወይስ እንደኛው ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴው ነኝ። ድሬ ዳዋ ውስጥ እንደኔ የሚጽፍ የለም። እሺ፣ ከማታ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ማለቴ ነው። እሺ፣ ከኔ ወንበር።

ለልጅሽ ለየምሥራች ሠርግ ያንቺን ሠርግ ካሴት በጥሩ ስፒከር አስከፍትልን ብለሽኝ ነበር፤ ወንድማችን ግሩም ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነበትን። ዕቃ ወደማራግፍበት ሱቅ ወሰድኩት። ባለሱቁ ኑሪ አዲስ ስፒከር አስመጥቷል፤ ቁመቱ እኔን ያህላል፣ እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም። "ወሪያ፣ አንተ እስከ ዛሬ የሰማኸው አቧራ እንጂ ዘፈን አይደለም!" አለኝ።

እውነቱን ነው። በቤታችን ቴፕ የሚሰማው ከበሮውና የግሩም ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሹሽ የሚል ድምፅ ነው። ሃያ አምስት ዓመት በሱ ጨፈርን፣ በሱ አለቀስን፣ ጎደለን ያለ የለም። በኑሪ ስፒከር ግን ግሩም ፊቴ የቆመ መሰለኝ። ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ያንቺ አምባር ይሰማል። ደስ ብሎኝ "ጨምርበት!" አልኩ። ምነው ባላልኩ።

ዘፈኑ እንዳለቀ፣ ከበሮው ገና እየተመታ፣ ከሥሩ ግሩም ያወራል። "የመጠጡ በረዶ አልቋል፣ ተሻግሬ ላምጣ? ደቻቱ ግን ይታመናል?" ይላል። አንድ እንግዳ ይመልስለታል፦ "ሰማዩን አታይም እንዴ እንዴት እንደጠራ! ዛሬ ደቻቱ ውስጥ የሚያሰጥምህ አሸዋው ነው፣ ሂድ አቦ!" ይስቃል። ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል። የግሩም ኮቴ እየራቀ ይሄዳል።

ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው በደረቁ ወንዝ በደቻቱ ጎርፍ ሆኖ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሠርግ ነበር። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ ጉም ጉም የሚል ነገር ይመጣል። ኑሪ "ቤዙ ነው" አለኝ። በከበሮና በጭብጨባ ብቻ በተዘፈነ ዘፈን ምን ቤዝ ጊታር አለ?

እታለም፣ ግሩምን ጎርፉ ከወሰደው ጀምሮ "በረዶ አለቀ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ" እያልሽ ስንት ዓመት ራስሽን በላሽ። አንቺ አልላክሽውም። ካሴቱ ላይ አለ።

ኑሪ ቅዳሜ ለሠርጉ ስፒከሩን ይዤ ካልመጣሁ ብሏል። እኔ የድሮውን ቴፕ ተሸክሜ እመጣለሁ። የትኛው እንደሚከፈት አንቺ ወስኚ፤ እኔ በሩ ላይ እቆያለሁ።

የምሥራችን ትዳሯን ይባርክላት፣ አንቺንም ዕድሜ ሰጥቶ የልጅ ልጅ ያሳይሽ።

ከመፈረሜ በፊት፦ ከጻፍኩልሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ፈጥሬዋለሁ። እንግዳ ያልኩሽን፤ የሳቀው ሰው አለ፣ እንግዳ ግን አይደለም። ኑሪ እዚያ ሠርግ ላይ አልነበረም፤ ካሴቱ ላይ ሳቁን እንደሰማ ግን ዘወር ብሎ እኔን አየኝ።

ቀልደኛው ወንድምሽ