ለንቦቹ የተነገረው

ይድረስ ፕሊመዝ ወደብ ለምትኖረው ወንድሜ ለላንቲ፦

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህን የሚቆረጥምህ ነገር ተወህ ወይ? ሚስትህ ሮዳስ እንዴት ናት፤ ትንሹ ማይልስ ጥርስ አወጣ? እኛ አምላክ ይመስገን እኔም ሄስተርም በጎቹም ደህና ነን። ሰውነቴ ደህና ነው ማለቴ ነው፤ ሐሳቤማ ዙሪያው ገደል ሆኖብኛል።

ባሌ ጋዊን ሱፍ ሊሸጥ ኋይትሄቨን ወርዶ የባሕር ኃይል ሰዎች ከመንገድ ካፈሱት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። እኔም ባል አለኝ እንዳልል፣ የለኝም እንዳልል ሆኜ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ይኸኛው ጉድ የመጣብኝ።

ከሐይቁ ማዶ ያለውን ቤት የተከራየ ሚስተር ሴልዊን የሚባል ገጣሚ አለ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሱ ግን ከቤቱ ይወጣል። ከፏፏቴው ጋር ያወራል፣ ዛፍ ያቅፋል፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። በጎቹን በሸለትን ማግስት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከደጄ ደረሰ። "ወይዘሮ ኢዛቤል፣ ዛሬ መልአክ ሲናገር ሰማሁ" አለኝ። መልአክ ያላት የኔዋ ሄስተር ናት። በቤቱ ቁልፍ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ እያንኳኳች "አባባ ሞቷል። ከዛሬ ጀምሮ እመቤታችሁ እማዬ ናት፤ እንዳትሄዱ" ስትላቸው ሰምቷታል።

አንተ የአገራችንን ልማድ ታውቃለህ። የቤቱ ጌታ ሲሞት ንቦቹ ካልተነገራቸው ይኮበልላሉ። ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሞተ ሰው ሳይኖር ማን ነገራት? ሚስተር ሴልዊን ግን ደስ ብሎታል። ሕፃን ከፈጣሪ እጅ ገና መምጣቱ ስለሆነ እኛ የረሳነውን ይሰማል፤ ተራራውም ንቡም ይነግሩታል፤ ግጥም ልጽፍላት ነው አለኝ። ቄሱን ብጠይቃቸው "አምላክ በቀፎ አፍ አይናገርም፤ ልጅሽን ገሥጪ" ብለው ተቆጡኝ። እኔም በቀን ቄሱን አምኜ፣ ሲመሽ ገጣሚውን አምናለሁ። ለሐዘን ብዬ ጥቁር ጨርቅ አውጥቼ ቀደድኩ፤ መልሼ ደግሞ ሰፋሁት።

በመጨረሻ ልጅቷን ራሷን ጠየቅኋት። የአጃ ቂጣዋን እየገመጠች "አንዱ ቀፎ ኮብልሎ የለ እንዴ እማ?" አለችኝ። "አሮጊቷ ዲና ጌታው ሞቷል የተባለ ንብ አይሄድም ብላኛለች። አባባ ሲመጣ ማር እንዲያገኝ ብዬ ዋሸኋቸው። ሲመጣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሮጬ ሄጄ ለሚስተር ሴልዊን ብነግረው "ይኼማ ከመልአክም ይበልጣል!" ብሎ ዘለለ። ብትዋሽም መልአክ፣ ባትዋሽም መልአክ! ምስኪኗ ልጄ ዝም ብላ ልጅ ለመሆን ምን ታድርግ?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ለጎረቤታችን ለዲና ሳጫውታት ግን ፊቷ ጠቆረ። "አንቺ ልጅ፣ ንብ ውሸት አይቀበልም። ከተዋሸ ያን ዕለት ነው ነቅሎ የሚሄደው" አለችኝ። የኛዎቹ ግን ልጅቷ ከነገረቻቸው ወዲህ አንድም አልሄደም። ቀፎዎቹ ሞልተው ጥዝ ይላሉ። እንግዲህ ልጄ ዋሸሁ ብላ እውነት ተናግራ ይሆን? በዚህ በሞኝ ወሬ ልቤ መሸበሩ ያሳፍረኛል፤ ግን ተሸብሯል ላንቲ፣ ምን ላድርግ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። "ጌታችሁ በሕይወት አለ" ልላቸው አስቤ አንኳኳሁ፤ ዝም አሉ። አፌን ከፈትኩ፤ አለ የሚለው ቃል አልወጣም። ሞቷል የሚለውም አልወጣም። ሄስተር ቀሚሴን ጎተት አድርጋ "እማ፣ እየጠበቁሽ ነው እኮ" አለችኝ። እጇን ይዤ ተመለስኩ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መርከቦቹ ከሚያርፉበት ቅርብ ነህና ዛሬ ነገ ሳትል ጠይቅልኝ። ጋዊን በሚለው ስሙ ያላወቁት እንደሆነ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የበግ ቀንድ የተወው ጠባሳ አለው በላቸው። የሆነውን ጻፍልኝ፤ ክፉም ቢሆን አትደብቀኝ።

ሮዳን እቀፍልኝ፤ ማይልስን ጉንጩን ሳምልኝ። ዲና እንደ ቁጣዋ ሰላም ብላሃለች። ሄስተር ደግሞ ከጎኔ ቆማ ይቺን ካልጻፍሽ ብላ ይዛኛለች፦ "አጎቴ፣ አባባን ስታገኘው በቀፎዎቹ በኩል እንዳይገባ ንገረው። ሞቷል ብያቸዋለሁና ይደነግጣሉ። መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው።"

እህትህ ኢዛቤል
ስኬልዴል፣ ካምበርላንድ
ሐምሌ 9 ቀን 1805