የሕፃኑ አልጋ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ ከነሆዷ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን፤ ቤቱም እንደምታውቀው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው።

አባባ ለልጃችሁ አልጋ እየሠራ ነው። ድሮ እንጨት ልጎ ሲጨርስ፣ በአንድ ትንፋሽ እፍ ብሎ ብናኙን እስከ በሩ ያደርሰው አልነበር? አሁን «ነይ እፍ በይልኝ» እያለ እኔን ይጠራኛል። «ሥራ አስፈታኸኝ!» ስለው ይስቃል፤ ሳቁን ሳል ያቋርጠዋል።

«ደቃቁን አቧራ አፍንጫ አያግደውም፤ ሳንባ ድረስ ይወርዳል» ብዬ የገዛሁለትን ማስክ ታስታውሳለህ? ሚስማር ላይ ሰቅሎት ስንት ጊዜ ተጣላን! አሁን ሳልነግረው ያደርገዋል። መስኮቱንም ራሱ ይከፍታል። ጭቅጭቃችን ናፈቀኝ።

ትናንት የደንበኞቹን ሥራ ሁሉ ትቶ ከአልጋው ጋር ሲታገል አየሁትና፣ «ሕፃኑ እኮ ገና ነው፤ ምን ያስቸኩልሃል?» አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየና፣ «እሱማ ገና ነው» አለኝ።

አልጋውን በመኪና መላክ እንችላለን፤ ግን አንተው ራስህ መጥተህ ብትወስደው ይሻላል። ቶሎ ብትመጣ ደግሞ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ባለቤትህን ሳምልኝ። አባባም ስሞሃል።

እህትህ