በእድር ጥሩምባ ስለተጠራው የድሮን በረራ

ክቡር አቶ በፍቃዱ፣ የቀጠናችን የወጣት በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ድምፅዎማ ደህና መሆኑን እሑድ ዕለት ሰምተናል። ቀጥዬ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ጭድ ተራ ሲቃጠል፣ የእሳት አደጋ መኪና እንዳይገባ መተላለፊያውን የዘጋው የእኔና የባለቤቴ የፍራሽ ክምር ነበር። ጥፋቱ በጥበቃው ላይ ተላከከ፤ ሰውዬው ከሥራ ሲባረር እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ አረፈ፣ ዝምታው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ሰው ያለጥፋቱ ሊባረር ስለሆነ ነው።

ከበጎ ፈቃደኞችዎ መካከል ቢላልና ጓደኞቹ በዕቃ የተዘጉ መተላለፊያዎችን በድሮን ፎቶ አንስተው ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሊሰጡ እንደተነሡ ያውቃሉ። ፈቃድ አውጥተው፣ ሱቅ የሚዘጋበትን እሑድ ጠዋት መርጠው፣ ከሰው አናት በላይ ላለማብረር ተስማምተው፣ ለድሮኑ ማረፊያ የእድራችንን ባዶ ግቢ በገመድ አጥረው ነበር። እቅዱን አንብቤዋለሁ። ትምህርት ቤት ባልሄድም፣ ሰው ወደ ግቢው እንዳይገባ የሚለው ገብቶኛል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልጆቹ በድምፅ ማጉያ ዞረው እናስታውቅ ሲሉ፣ ሕዝብ የሚሰማው ጥሩምባ ነው ብለው የእድሩን ጥሩምባ ስላስነፉልን እናመሰግናለን። እውነትዎን ነው፤ ሰማን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ወንዶቹ የድንኳን ብረት ተሸክመው፣ ማን እንደሞተ እየተጠያየቅን ያንኑ የታጠረ ግቢ ሞላነው። ጎረቤቴ ጋሼ ሃብታሙ ሰማዩን አንጋጠው አይተው፣ ሟቹ ያ የሚበረው ነው እንዴ ብለው ጠይቀውኛል።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ ከተገኘ አይቀር ብለው፣ ድሮኑ አየር ላይ እያለ ስለ ጥንቃቄ ረጅም ንግግር ስላደረጉልን ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው። ቢላል ባትሪው እያለቀ መሆኑን ሊነግርዎ ሲጠጋ፣ ዝም እንዲል በእጅዎ አሳዩት። እርሱም ሕዝብ ላይ ከሚያሳርፈው ብሎ ከግቢው አጠገብ ባለው መጋዘን ቆርቆሮ ላይ ጣለው። ድሮኑ ተሰበረ፤ የአንድም ሰው ፀጉር አልተነካም።

ሦስተኛውን ለማመስገን ብዕሬ እምቢ አለኝ። ለቀጠናው ኮሚቴ ባቀረቡት ሪፖርት አደጋው የደረሰው በቢላል ቸልተኝነት ነው ብለዋል። ረቡዕ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቢላል ይሰናበታል፣ ቡድኑም ይበተናል እየተባለ ነው። መተላለፊያዎቹ እንደተዘጉ ናቸው፤ በጋውም እየገፋ ነው። ረቡዕ መጥቼ ያየሁትን እናገራለሁ። እርስዎም ጥሩምባውን ያስነፋው ማን እንደሆነ ቢናገሩና ድሮኑ ተጠግኖ ልጆቹ በራሳቸው እቅድ ደግመው ቢያበሩ፣ ያን ጊዜ ምስጋናዬ ከልብ ይሆናል።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ሁሉን የሚያየው ዐይንዎ እንዳይደክም እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሺ ዱባለ፣ ከጭድ ተራ

ጨምሬ ላሳስብ፦ በመሥሪያ ቤት ደንብ ዋናው ለኃላፊ፣ ግልባጩ ለተራው ሰው እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔ ግን አዙሬዋለሁ። በእድሩ ሰሌዳ የተለጠፈውም፣ ለኮሚቴው የገባውም፣ እርስዎ የያዙትም ግልባጭ ነው። ዋናውን በእጄ የምሰጠው ለቢላል እናት፣ ለመሊካ ነው።