የባትሪው ገመድ

ይድረስ ለልጄ ለሪሐና። አላህ ከዓይን ይሰውርሽ፣ ያለሽበትን አገር ሰው ሆድ ያራራልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ጎረቤታችን ኩልሱም ከቂርቆስ ለቃ ከሄደች ወዲህ ግን በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ ሻይ ለአንድ ሰው ማፍላት አልሆንልኝ ብሎ ግማሹን እደፋለሁ።

በስልክ ልነግርሽ አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። መብራት ሲጠፋ ጨለማ እንዳልቀመጥ ብለሽ የላክሽልኝን፣ የፀሐዩን ኃይል ወደ ባትሪው የሚያስገባውን የሶላር ኮንትሮለር፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሶላሩን አገናኚ» እያልሽ አራት ጁምዓ ደውለሽ አስረዳሽኝ። አራቱንም «አልበራም» አልኩሽ። ወላሂ በመጀመሪያው ቀን በርቷል። ከበራማ ምን ብለሽ ትደውያለሽ? ውሸት እንዳይሆንብኝ ስልኩ ሲጠራ የባትሪውን ገመድ እነቅልና ነው «አልበራም» የምልሽ፤ ስትዘጊ እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ግን ብመልሰው እምቢ አለ። የካዛንቺሱ ኤሌክትሪክ ሠሪ «ሶላሩ ፀሐይ ላይ እያለ ባትሪው አይነቀልም እኮ እናቴ፤ ኮንትሮለሩ ተቃጥሏል» አለኝ።

ሌላ እንዳትልኪ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ በሰላም ያገናኘን። ብቻ ጁምዓ ደውዪና፣ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሶላሩን እያልሽ አስረጂኝ።

እናትሽ ዘምዘም