ለጤናችን ሲባል ስለተሰበረው መስኮት

ለተከበሩ ዶክተር ሰሎሞን፣
በላስታ ደጋ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኞችና የተማሪዎች ጤናና ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ምንጣፍ ያማረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ስልክዎ ድምፅ የለሽ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የመንግሥት ንብረት የሆነውን መስኮት ለምን እንደሰበርኩ በጽሑፍ እንዳስረዳ ስላዘዙኝ፣ ጉዳዩ የመላው ግቢ ደስታ በመሆኑ መልሴን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ክሊኒካችንን ወስደው ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ከግቢው ክፍሎች ሁሉ ደህና ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ስለነበር፣ በሽተኛ ተኝቶ ከሚያባክነው ስለ ጤና ቢታቀድበት ይሻላል። ነርሳችን ሲስተር አመተ ሥላሴ ከነአልጋቸው ወደ ሽንኩርት መጋዘን ስለተዛወሩም፣ ከዚያ ወዲህ እንባ ሳያቀርር የታከመ ሰው የለም። የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ግን ከባድ ነውና እርስዎ ዘንድ ቀረ፤ የክፍሉም ቁልፍ ኪስዎ ገባ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓርብ ጠዋት ጭንቀታችን እንዲቀንስ ሁላችንም ሜዳ ወጥተን እንድንሮጥ ስላዘዙን እናመሰግናለን። ከአሸተን ማርያም በኩል የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። ከኩልመስክ የመጣችው ተማሪዬ ንጋት አስም እንዳለባት፣ ፓፍ የሚባለው የምትስበው መድኃኒትም እንዳለቀባት ብትናገር፣ አስተባባሪዎ "ስትሮጪ ይለቅሻል" አላት። ሮጠች። አልለቀቃትም። ሜዳው መሃል ተንበርክካ ደረቷ ሲያፏጭ፣ ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ሲስተር ደርሰው "ፓፉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው! በሩን ክፈቱልኝ!" ብለው ጮኹ። ደወልንልዎ፤ ስልክዎ ዝግ ነበር። ከተማው ሆቴል ውስጥ ስለ ተደራሽ የጤና አገልግሎት እየሠለጠኑ ስለነበር አንፈርድብዎም።

የሒሳብ መምህር ብሆንም ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ድንጋይ አነሣሁ። መስታወቱን አረገፍኩና ስብርባሪውን በጃኬቴ ጠርጌ ገባሁ፤ ለስላሳው ወንበርዎ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ፓፉን ፈልጌ በመስኮቱ ለሲስተር አቀበልኩ። ንጋት አንዴ ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ቀስ በቀስ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ የሜዳው ሰው ሁሉ እልል አለ።

እኔም ላያት ቸኩዬ በገባሁበት ልወጣ ስል ሆዴ መስኮቱ ላይ ተቀረቀረ። ግማሼ እርስዎ ዘንድ፣ ግማሼ ሜዳ ላይ። ተማሪዎች እጄን ይጎትታሉ፤ ሲስተር "ትንፋሽዎን ይሳቡ፣ መምህር ደሳለ!" ይሉኛል። ይህን ጊዜ ንጋት በደከመ ድምፅ፣ "መምህር፣ እኔ መተንፈስ ስጀምር እርስዎ አቆሙ?" አለች።

ሲስተር ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ወጥ ቤቶቹ ሳቁ። ሳቅ የማያውቀው ጥበቃችን አዳም ሆዱን ይዞ ዞረ። እኔም ተቀርቅሬ ሳቅኩ፤ ሳቁ ነው መሰለኝ ሆዴን አሳንሶ ያስወጣኝ። ጭንቀታችን ያኔ በእውነት ስለቀነሰ፣ ፕሮግራምዎ ግቡን መምታቱን በደስታ እመሰክራለሁ።

ሰኞ ከሥልጠናው ሲመለሱ ሲስተር በቀድሞ ክፍላቸው ሲያክሙ አግኝተዋቸው መደንገጥዎን ሰማን። አይደንግጡ፤ የበሩን ቁልፍ በአናጢ አስፈትተን፣ ጠረጴዛዎንና ምንጣፍዎን ተሸክመን በጥንቃቄ ሽንኩርት መጋዘን ያስገባነው እኛው ነን። ወንበርዎን ብቻ ለበሽተኞች አስቀርተናል፤ ንጋትም ለክትትል ስትመጣ ተንፈላስሳ ትቀመጥበታለች። መስኮቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ሰብሬዋለሁ፤ የታፈነች ተማሪና የተቆለፈ በር ዳግመኛ ካጋጠመኝ ዳግመኛ እሰብረዋለሁ።

በሙሉ አክብሮት፣ በሙሉ ጤንነትና ያለ አንዳች ጸጸት፣
መምህር ደሳለ አረጋ
ከሒሳብ ትምህርት ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ ስለ ጭንቀት አወጋገድ በሚሰጡት ገለጻ ላይ ያልተገኘ ሁሉ እንደሚቀጣ የሚገልጸው ማስታወቂያዎ ደርሶናል። ካነበብነው ወዲህ ብዙዎቻችን እንቅልፍ ስላጣን፣ ርእሱ እጅግ ወቅታዊ ሆኖ አግኝተነዋል።