የአባባ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ውድ ወንድምዓለም፣

ማክሰኞ ዕለት ደውለህ «ዲስኩስ? ጨረስሽው?» ስትለኝ «እየተገለበጠ ነው» ብዬህ ነበር። ዋሽቼህ ነው። አንተ ስትደውል ዲስኩ ጠረጴዛዬ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሞቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ዋሽቼሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ አገር፣ አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ለምትመጣው ለጎረቤቴ ለማኅደረማርያም የማስይዛት፣ በስልክ ልንገርህ ብል ድምፅህን ስሰማ አራተኛ ውሸት እንደምጨምር ስለማውቅ ነው።

ቅስና ከተቀበልክ ወዲህ እማማ እንኳ «አንቱ» ትልሃለች። እኔ ግን አንደበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ዛሬም እንደ ልጅነታችን «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ብትቆጣም ፍርዴ ነው። ብቻ ደብዳቤውን መሃል ላይ አጥፈህ እንዳታስቀምጠው፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በጥቅምት አንኮበር መጥቼ ስመለስ እስከ ሚኒባሱ ሸኝተኸኝ ነበር። ላፕቶፕህ ዝናብ ገብቶበት ሲበላሽ ከውስጡ የተረፈችው ያቺ መዳፍ የምታህል ዲስክ ብቻ ናት። አባባ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ድጓ ሲያስተምርህ የቀዳኸው ሁሉ እሷ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። «ከአባባ በኋላ በዚህ አካሄድ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የዘነጋሁት አለ» አልከኝ። «ተማሪዎቹ እንዲሰሙት ገልብጪልኝ። ለማንም ባዕድ ሰው ግን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ።» እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ፣ ኮምፒውተር ራሴ ገጣጥሜ እገለብጥልሃለሁ አልኩህ። ሳቅህ። ያ ሳቅህ እልህ አስያዘኝ።

የምሠራበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር የባለቤቱ ነው፤ የግል ነገር መሰካት ክልክል ነው። አዲስ መግዛት ለእኔ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፑን ሲያፈርስ በጨረታ ከሸጣቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ሁለቱን ገዛሁ። መሐንዲሶች ድልድይና ካርታ የሚሥሉባቸው ከባድ ማሽኖች ናቸው። በዘመናቸው ተራ ሰው የሚነካቸው አልነበሩም፤ አሁን ግን በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣሉ። የአንደኛው ማዘርቦርድ፣ ዋናው ሰሌዳው፣ ደህና ነው፣ ግን ሜሞሪውም ፋኑም ዲስኩም ተነቅሏል። የሌላው ማዘርቦርድ ተቃጥሏል፣ የቀረው ዕቃ ግን ሙሉ ነው። ከሁለቱ አንድ አወጣለሁ ብዬ ነበር።

ለምን እንደረከሱ የገባኝ ቤት ካስገባኋቸው በኋላ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ በራሱ ልክ ነው የሠራው። የአንዱ ፋን ከሌላው ጋር አይገናኝም። ገበያ ላይ ያለው ተራ ፋንም አይገባበትም። ማብሪያው እንኳ ሽቦው ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ዩቲዩብ እያየሁ፣ ጣቶቼ በብርድ እየደነዘዙ፣ እየነቀልኩ ስሰካ ከረምኩ። ሜሞሪው ገጠመ። ፋኑን ሽቦውን ቆርጬ ቀጠልኩት። ማሽኑ ሲነሳ ሁልጊዜ «ይህ ፋን የኔ አይደለም» ብሎ ይጮኻል፤ አንድ ቁልፍ ስጫን ዝም ይላል። ስክሪኑ የበራ ዕለት ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ያንተን ዲስክ መሰካት ብቻ ቀረ። ማሽኑ ለዲስክ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበት የራሱ ኬብል አለው፤ ከእኔው ማሽን ላይ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሥራ ላይ ነው። ከተቃጠለው ማሽን ሁለተኛ ኬብል ነቀልኩ። ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ። የሽቦዎቹ ቀለም አሰላለፍ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አይቼዋለሁ፣ ወንድምዓለም። ሳላውቅ ነው ብልህ በቀለለኝ፤ ግን አይቼ ነው ያለፍኩት። ከገባ ይሠራል ብዬ።

አበራሁት። «ጢጥ» አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ማሽኑ ጠፋ። ኬብሉን መንጭቄ ዲስኩን ስይዘው ጣቴን ፈጀኝ። ዲስኩን አውጥቼ ብሞክረው ማሽኑ እንደ ወትሮው ተነሳ። ዲስኩን መልሼ ስሰካው ጠፋ። የኔ ቁራጭ ብረት ደህና ሆኖ፣ አባባ ያለበት ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ማተሚያ ቤት የአንዱን የሠርግ ጥሪ ቀን አሳስቼ አራት መቶ ካርድ ተበላሸ። እማማ ደውላ «ልጆቹ የአባትሽን ድምፅ ሊሰሙ ነው እኮ፣ ወንድምሽ ለደብሩ ሰው ሁሉ ነግሯል» ስትለኝ፣ ኔትወርክ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁባት።

ሁለት ጥገና ቤት ሄድኩ። አንደኛው አይቶ «ጣዪው» አለኝ። ሁለተኛው ጋ ያገኘሁት ሰው «ከፍተን እንየው» ብሎ መፍቻውን አነሳ። ዲስክ ከተከፈተ አቧራ ገብቶ ጭራሽ እንደሚጠፋ አንብቤ ነበር። «ከዚህ በፊት ከፍተህ ያዳንከው አለ?» አልኩት። «ዞሮ ዞሮ ሞቷል፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አለኝ። ሁለተኛውን ብሎን ሲነካ እጁን ያዝኩት። ሰው እስኪያየኝ ድረስ ጮኼ ዲስኩን ቀማሁትና ወጣሁ።

ስለ ጋሽ አብርሃም የነገረኝ የማተሚያ ቤታችን ጥበቃ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ተፈናቃዮቹ የሚኖሩበት መጠለያ በር አጠገብ በአንዲት ጠረጴዛ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናሉ። ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። «ለባዕድ አትስጪ» ያልከኝ በጆሮዬ እየጮኸ ነው የሄድኩት።

ዲስኩን ሳልሰጣቸው ቆሜ ታሪኩን ስነግራቸው፣ ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ «ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ።

«የአባቴ ድምፅ።»

«በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው እኔ ጋ አታሳድሪው» አሉኝ። «አጠገቤ ቁጭ በይ። እጄን እያየሽ ልሥራ። ስጋትሽ ሲበዛ ተው በይኝ፣ እተዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። ከሥሩ ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ ብቻ ፈተው፣ ኤሌክትሪክ የሚለኩበትን የቴስተራቸውን ሁለት ጫፎች ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው እያሳለፉ ይለኩ ጀመር። እየለኩ ያወሩኛል። ወለጋ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩበት ሱቅ ነበራቸው። የወጡ ዕለት ከሱቁ ያነሱት ይህን ቴስተርና አንድ ወረንጦ ብቻ ነው። «የራሴ ዕቃ አይቆጨኝም» አሉ። «መደርደሪያው ላይ አሥራ ሦስት የሰው ሬዲዮ ነበር። ግማሹን ጨርሼው ነበር፤ ባለቤቶቹን መጥራት ብቻ ነበር የቀረኝ። እስካሁን እየነቃሁ እቆጥራቸዋለሁ።»

ድንገት ቴስተሩ ጮኸ። ከምስር የምታንስ ጥቁር ፍሬ ላይ ቆመው ነበር።

«ይኸው። ይቺ ጠባቂ ናት። አምስት ቮልት ለሚችል ዲስክ አሥራ ሁለት ቮልት ነው የሰጠሽው። እሷ ተቃጥላ መንገዱን ዘግታለች። ካወጣኋት ዲስኩ ሊነሳ ይችላል።»

«ይችላል?»

«አልምልልሽም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ከወጣች በኋላ ጠባቂ የለውም። ሁለተኛ ብትሳሳቺ እኔም ማንም አናድነውም።»

ተው ልበላቸው፣ አንተ ጋ ደውዬ ላስፈቅድ፣ መልሼ በፌስታል ልጠቅልለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ጋሽ አብርሃም ወረንጦውን አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ያውጧት» አልኩ። አወጧት፤ ዲስኩን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

መጠለያው አካባቢ መብራት ስለማያስተማምን ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራው እኔ ቤት መጡ። መጀመሪያ ዲስኩን እንድነካ እንኳ አልፈቀዱልኝም። ማሽኔን አስበርተው የእያንዳንዷን ሽቦ ቮልት ለክተው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያንን ሟች ኬብል ቆርጠው በትክክለኛው አሰላለፍ ራሳቸው በየዱት፤ ከዚያ እንደገና ለኩ፤ ከዚያ እኔ እንድለካ አደረጉኝ። «አሁን አንቺ አብሪው» አሉኝ። ጣቴ ማብሪያው ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ እንጃ።

ማሽኑ ስለ ፋኑ እንደ ወትሮው ጮኸ። ቁልፉን ተጫንኩ። ከዚያ በጣም ቀጭን የሆነ የመሽከርከር ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አብርሃም ጆሮአቸውን አስጠግተው «ዞረ» አሉ። ስክሪኑ ላይ የአንተ ፋይሎች በየቀናቸው ተደርድረው መጡ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።

ስንገለብጥ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሁለቱ ሲቀሩ መብራት ጠፋ። ጋሽ አብርሃም ወዲያው ኬብሉን ነቀሉና፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ አላስነካ አሉኝ። ስንቀጥል አንዱ ወጣ። የመጨረሻው ግን አልከፈት አለ። ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ ዲስኩ መንቋቋት ሲጀምር «በቃ፣ አትግፊው» አሉኝ። ቀኑን አየሁት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ፣ አባባ ሊያርፍ አራት ቀን ሲቀረው አልጋው አጠገብ የቀዳኸው ነው። እሱን አጥፍቼብሃለሁ። በዚህ ምድር ላይ ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር፣ ቀለሙን አይቼ ባለፍኩት ሽቦ አጠፋሁት።

የቀሩት ደህና መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከመሃል አንዱን በዘፈቀደ ከፈትኩ። አባባ አሳለ። አንተ ማዜም ጀመርክ፣ መሃል ላይ ሳትክ። አባባ ከልቡ ሳቀ። የተናገረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን መጻፍ እፈልጋለሁ።

«ኧረ ተው! ይቺንስ አመቴ አትስታትም ነበር» አለ፤ እኔን።

አንተ «አመተ ማርያም? እሷ መቼ ተምራ?» አልከው።

«ጓዳ እህል ስትለቅም ከእናንተ እኩል ትል ነበር። አንተ ስትስት እሷ በቀስታ ታቃናዋለች። እሰማት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠሯትም?»

ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል። ከዚያ አባባ «ሳልጠራት ቀረሁ» አለ። ቆይቶም «በል፣ ከላይ ጀምር» አለህ።

ጋሽ አብርሃም ቀስ ብለው ተነስተው ውጭ ወጡ።

ወንድምዓለም፣ ያኔ የሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ድጓውን አንድ መስመር ሳይቀር በቃሌ ይዤው ነበር። ተማሪዎቹ ሲመጡ ድምፄን ቀንሼ፣ ሲሄዱ ጨርሶ አፌን ዘግቼ ነው ያደግሁት። የፋይሉ ቀን የዛሬ አራት ዓመት ነው የሚለው። ያኔ አባባ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ኖሯል። በየበዓሉ አንኮበር መጥቼ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ እግሩን አጥቤዋለሁ። እሱም አልነገረኝ፣ አንተም አልነገርከኝ። ለምን? እንዳላዝን ብለህ ነው? ወይስ አንተም ሳትነግረኝ ቀረህ?

ልወቅስህ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የዋሸ ሰው ምን አፍ አለው። ግን ከትናንት ጀምሮ እጄ ሥራ አይዝም። ያ የጠፋው የመጨረሻው ፋይል እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚያ ላይ ስለ እኔ ያለው ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ነው። ባይኖርም መስማት ነበረብኝ።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ሁለት ቅጂ ይዤ ነው የምመጣው፤ ሦስተኛውን እዚህ ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ ሳላስፈቅድህ። ተማሪዎቹ ፊት ልትቆጣኝ ትችላለህ፣ እቀበላለሁ። ከዚያ ግን ሰዎቹን አሰናብትና ለብቻችን እንቀመጥ። በዚያ ቀን አልጋው አጠገብ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። አባባ ያለውን ሁሉ፣ ዜማውንም ንግግሩንም፣ ያስታወስከውን ያህል ንገረኝ። ከሳትክ አቃናሃለሁ፤ በዚህ ጊዜ ድምፄን አልቀንስም።

እስክንገናኝ የሚፈራው ልቤ አንተ ጋ ነው።

እኅትህ አመተ ማርያም
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር